ጥቃቅን ባለ አክሲዮኖች በክበብ ሲሰበሰቡ፤ ስለ ተስፋቸውና ስለ ሒሳባቸው

ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው አክሲዮን ለመግዛት ሲያስብ የሚገጥመው ችግር የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ብቸኝነትም አለበት። ባለ ብዙ ሀብቱ ነጋዴ ጠበቃና የሒሳብ ዐዋቂ በደመወዝ ያሠራል፤ የባንክ ሰዎችም ቢሮው ድረስ መጥተው ያማክሩታል። ከወር ደመወዙ ወይም ከሱቁ ገቢ ጥቂት ብር የሚያተርፈው ሰው ግን የኩባንያውን የሒሳብ መግለጫ ብቻውን አንብቦ፣ ብቻውን ወስኖ፣ ዋጋው በወረደ ጊዜም ብቻውን ይጨነቃል። በዚህም ምክንያት የአክሲዮን ገበያ ባላቸው በብዙ አገሮች ጥቃቅን ገዥዎች እርስ በርሳቸው እየተፈላለጉ ይሰበሰባሉ። ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ይመካከራሉ፣ ይበረታታሉ፤ ነገ ከዛሬ ይሻላል ብለውም አንዱ ለሌላው ተስፋ ይሰጣል። ይህ መሰባሰብ ለገንዘባቸው ምን እንደሚጠቅምና በምን በኩል እንደሚጐዳ በሚገባ የተመረመረ ጉዳይ ስለሆነ፣ ለነጋዴና ለሠራተኛ ሁሉ ማወቁ ይጠቅማል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ከ1967 ዓ.ም. የንብረት መውረስ በፊት በአዲስ አበባ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ እንደነበረ በዕድሜ የገፉት ነጋዴዎች ያስታውሳሉ። ከዚያም ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ሲቋቋም፣ ሰው ገንዘቡን አዋጥቶ የባንክ ባለቤት ሊሆን መቻሉ እንደገና ታየ። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ካፒታሉን ከመቶ 10 ያህሉን፣ ማለት 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዙ። ለአንድ ገዥ የተፈቀደው ትንሹ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበር። በዚያው ዓመት ጥር 2 ቀን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን ጀመረ፤ ወጋገን ባንክም በመዝገቡ የመጀመሪያው ሆኖ ገባ። እንግዲህ አክሲዮን ገዝቶ የምስክር ወረቀቱን በሣጥን ከማስቀመጥ ይልቅ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ የሚከታተል የኢትዮጵያዊ ጥቃቅን ገዥ ዘመን ገና መጀመሩ ነው።

በዚህ መንገድ ቀድመው የሄዱት አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 ዓ.ም. በዲትሮይት ከተማ ሚስተር ፍሬደሪክ ረስል የሚባሉ ወጣት የራሳቸውን ሥራ ለማቋቋም የሚሆን ካፒታል ሲፈልጉ፣ በአክሲዮን ሥራ የሠለጠኑት ሚስተር ጆርጅ ኒኮልሰን ከጓደኞቻቸው ጋር በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ አክሲዮን እንዲገዙ መከሯቸው። ይህ ክበብ እንደ አብነት ተቈጠረና ሌሎችም ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. በሚሺገን ግዛት የነበሩት ክበቦች አንድ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ፤ የዚህም ማኅበር አባሎች እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ገደማ ከ400,000 በላይ ደርሰው ነበር። የሚያስተምሩትም ነገር ቀላል ነው። ገበያው ቢወጣም ቢወርድም በየወሩ ግዛ፤ የትርፍ ድርሻህን አውጥተህ አትብላ፣ መልሰህ ግዛበት፤ የምትገዛውም ሥራው እያደገ ከሚሄድ ኩባንያ ይሁን ይላሉ።

የክበቡ አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ዐሥርም ሃያም ሰው በወር አንድ ቀን በአንደኛው አባል ቤት ይሰበሰባል፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ መዋጮ ይከፈላል፤ ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ከዚያ በኋላ አንዱ አባል ስለ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ፣ ሌላው ስለ አንድ የምግብ ድርጅት ያጠናውን ያቀርብና ውይይት ይደረጋል፤ በድምፅ ብልጫም የሚገዛው ይወሰናል። ሻይና ዳቦም አይቀርም።

የዚህ ጓደኝነት ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ሊቃለልም አይገባውም። ዋናው ጥቅሙ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጥሩ አክሲዮን በመምረጥ ላይ አይደለም፤ በማዋጣቱ ሥርዓት ላይ ነው። ብቻውን የሚቈጥብ ሰው በዚህ ወር ሠርግ አለብኝ፣ በሚቀጥለው ወር የቤት ኪራይ አለብኝ እያለ ያዘገያል። ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ስሙ ተጠርቶ መዋጮ የሚጠየቅ ሰው ግን ከሌላው ወጪ ቀንሶ ይከፍላል። ዋጋ በወረደ ጊዜም የክበቡ መዋጮ አይቋረጥም፤ ይህም በሒሳብ ረገድ ዋጋ አለው። ለምሳሌ አንድ ክበብ በየወሩ 4,000 ብር የሚያውል ቢሆን፣ አክሲዮኑ 100 ብር በሆነበት ወር 40 አክሲዮን ያገኛል፤ ዋጋው ወደ 80 ብር በወረደበት ወር ደግሞ በዚያው ገንዘብ 50 አክሲዮን ይገዛል። በሁለቱ ወር 90 አክሲዮን በ8,000 ብር ገዛ ማለት ነው፤ አንዱ 88 ብር ከ89 ሳንቲም ገደማ ወደቀለት፤ የሁለቱ ዋጋ አማካይ ግን 90 ብር ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሰው ብቻውን ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሲወደድ ይሽቀዳደማል፣ ሲረክስ ይሸሻል።

እንግዲህ የጉዳቱን በኩል ለመረዳት ከቤርድስታውን ወይዛዝርት ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቤርድስታውን በኢሊኖይ ግዛት በወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የገበሬዎች አገር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ 16 ሴቶች በዚያ ከተማ የአክሲዮን ክበብ አቋቋሙ። ሲጀምሩ እያንዳንዳቸው 100 ዶላር፣ ከዚያም በየወሩ 25 ዶላር አዋጡ። ወይዛዝርቱ የሚያውቁትን ዕቃ የሚሠሩ ኩባንያዎችን እያጠኑ፣ በትዕግሥት እየገዙ ኖሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ገንዘባቸው ከእ.ኤ.አ. 1984 እስከ 1993 ዓ.ም. በየዓመቱ በአማካይ ከመቶ 23.4 አተረፈ ተባለ። ይህ ቍጥር በኒው ዮርክ በአክሲዮን ሥራ እንጀራቸውን ከሚበሉት ከብዙዎቹ አዋቂዎች የሚበልጥ ስለሆነ አሜሪካ ሁሉ ተደነቀ። ወይዛዝርቱ በቴሌቪዥን ቀረቡ፤ መጽሐፍም ጻፉ። መጽሐፉ ስለ አክሲዮን ከሚሰጠው ምክር ጋር የምግብ አሠራር ጭምር የያዘ ነበር፤ በብዙ መቶ ሺህ ቅጂም ተሸጠ።

ሕዝቡ ለምን እንደወደዳቸው ለመረዳት አያስቸግርም። ጥቃቅን ሰዎች በመተባበር፣ በመዋደድና በተስፋ ትልልቆቹን አሸነፉ የሚል ታሪክ የሚጠላ ማን አለ? በየከተማው የአክሲዮን ክበብ የሚያቋቁሙ ሰዎች በዙ። ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ስለነበረም ለብዙ ዓመት ቍጥሩን ቆጥሮ ለማየት የፈለገ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በቺካጎ የሚታተም አንድ መጽሔት በመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመ ማሳሰቢያ አገኘ። ማሳሰቢያው የወይዛዝርቱ የትርፍ መጠን ሲሰላ የአባሎቹ መዋጮ ጭምር መግባቱን ይገልጥ ነበር። ማለት፣ በየወሩ ከኪሳቸው አውጥተው የሚጨምሩት ገንዘብ አክሲዮኑ የወለደው ትርፍ ሆኖ ይታይ ነበር። ክበቡ መዝገቡን አውጥቶ ፕራይስ ዋተርሃውስ ለተባለው የሒሳብ መርማሪ ድርጅት ሰጠ። ምርመራው ሲያልቅ እውነተኛው የትርፍ መጠን ከመቶ 9.1 ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዐሥር ዓመት ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የሚባለው የ500 ትልልቅ ኩባንያዎች የዋጋ መለኪያ በየዓመቱ ከመቶ 14.9 አስገኝቶ ነበር። ነገሩ በገንዘብ ሲተረጐም እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የዋለ 100 ዶላር በተወራው መጠን ቢሆን በዐሥር ዓመት 819 ዶላር ያህል ይሆን ነበር፤ ምንም ሳይመርጥ የ500ዎቹን ኩባንያዎች አክሲዮን በመጠናቸው ለገዛ ሰው 401 ዶላር ያህል ይሆንለታል፤ በወይዛዝርቱ እውነተኛ መጠን ግን 239 ዶላር ያህል ብቻ ነው።

ወይዛዝርቱ ስሕተቱ የተፈጠረው ሒሳቡ ወደ ኮምፒዩተር በገባ ጊዜ መሆኑን ገልጠው ይቅርታ ጠየቁ። ሰውን ለማታለል አስበው ነበር ለማለት ምንም ምክንያት የለም፤ የቤት እመቤቶች ሒሳብ አያውቁም የሚል ፌዝ በጊዜው መሰማቱም ተገቢ አልነበረም። በመዝገቡ ላይ የነበረው ገንዘብ አንድ ዶላር አልጐደለም። የጐደለው፣ ደስታው በበዛበት ክፍል ውስጥ «ይህ ቍጥር እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ወይዛዝርቱ በየወሩ መሰብሰባቸውን አልተዉም፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ስሌት እስከ እ.ኤ.አ. 1997 ዓ.ም. ድረስ ያለው የ15 ዓመት መጠናቸው ወደ ከመቶ 15.3 ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ በራሱ የሚያስመሰግን ነው፤ የዋጋ መለኪያው ግን በዚያ ጊዜ ከመቶ 17.2 ደርሶ ነበር።

ይህን የመሰለ ስሕተት በማንኛውም የመዋጮ መዝገብ ላይ ሊደርስ ስለሚችል በብር ሒሳብ ማየቱ ይጠቅማል። ዐሥር ሰዎች ዓመቱን ሲጀምሩ በክበባቸው 100,000 ብር የሚያወጣ አክሲዮን አላቸው እንበል። በየወሩ እያንዳንዳቸው 500 ብር ቢያዋጡ በወር 5,000፣ በዓመት 60,000 ብር ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ገንዘብ ያዡ ሲያሰላው ያላቸው አክሲዮን 166,000 ብር ያወጣል። በደስታ ጊዜ የሚባለው የታወቀ ነው፤ «መቶ ሺው መቶ ስድሳ ስድስት ሺህ ሆነ፤ ከመቶ 66 አተረፍን!» ይባላል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 60,000ው ከአባሎቹ ኪስ የወጣ ነው። አክሲዮኑ የወለደው 6,000 ብር ብቻ ነው። መዋጮው በዓመቱ ውስጥ በየወሩ ቀስ በቀስ መግባቱ ታስቦ ሲሰላ እውነተኛው ትርፍ ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ከመቶ 66 ያተረፉ የመሰላቸው ሰዎች በሚቀጥለው ወር መዋጮውን እጥፍ ለማድረግ ወይም ተበድረው ለመግዛት ቢወስኑ የሚያስደንቅ አይደለም፤ አደጋውም ያለው ከዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ በሚገባ የተደራጁት ክበቦችም ከቀድሞ ጀምሮ ይሠሩበታል። የክበቡ ሀብት በሙሉ በእኩል ድርሻዎች ይከፈላል። ከላይ ያለው 100,000 ብር በ1,000 ድርሻ ቢከፈል አንዱ ድርሻ 100 ብር ነው። በወሩ መጨረሻ አክሲዮኑ በገበያ ዋጋ ተሰልቶ 104,000 ብር ቢሆን አንዱ ድርሻ 104 ብር ሆነ ማለት ነው። በዚያ ቀን አባሎቹ 5,200 ብር ቢያዋጡ ገንዘቡ በ104 ብር ሒሳብ 50 አዲስ ድርሻ ይገዛላቸዋል። የክበቡ ሀብት 109,200፣ ድርሻው 1,050 ይሆናል፤ ሲካፈል አንዱ ድርሻ አሁንም 104 ብር ነው። መዋጮው የሀብቱን ድምር ጨመረ እንጂ የድርሻውን ዋጋ አንዲት ሳንቲም አላሳደገውም። ስለዚህ ከዓመት ዓመት የድርሻውን ዋጋ ብቻ የሚከታተል ክበብ የራሱን ገንዘብ እንደ ትርፍ ሊቈጥር አይችልም። በመካከል የሚገባ አዲስ አባልም፣ የሚወጣ አባልም ስንት እንደሚከፍልና ስንት እንደሚወስድ ያለ ክርክር ይታወቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያለው መዝገብ ነው።

የቤርድስታውን ነገር የአንድ ክበብ ብቻ መሆን አለመሆኑን የመረመሩ ሊቃውንትም አሉ። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰሮች የ166 ክበቦችን ሒሳብ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 1991 እስከ ጥር 1997 ዓ.ም. ድረስ ተከታትለው ውጤቱን በ2000 ዓ.ም. አሳተሙ። በዚያ ጊዜ ገበያው በጠቅላላው በዓመት ከመቶ 17.9 ሲያስገኝ፣ ክበቦቹ የሽያጭና የግዢ ወጪ ተቀንሶ በአማካይ ከመቶ 14.1 አገኙ። ከመቶ 60 የሚሆኑት ክበቦች ከገበያው በታች ሆኑ። ከሁሉ የሚገርመው ብቻቸውን የሚገዙት ሰዎች እንኳ በአማካይ ከክበቦቹ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው ነው። ክበቦቹ በዓመት ውስጥ ከአክሲዮናቸው ከመቶ 65 ያህሉን እየሸጡ በሌላ ይለውጡ ነበር፤ ለእያንዳንዱም ለውጥ ለደላላ ይከፈላል።

እነዚሁ ሊቃውንት ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ባደረጉት ሌላ ጥናት ምክንያቱን በከፊል አግኝተውታል። ክበብ አክሲዮን የሚመርጠው በሰው ፊት ለመግለጥ የሚመች ምክንያት ያለውን ነው። ስሙ የተመሰገነ፣ ዕቃው የሚወደድ ኩባንያ በጉባኤ ላይ ሲቀርብ ሁሉም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ነገር ግን ኩባንያው ጥሩ መሆኑን የሚያውቁት በዚያ ክፍል የተሰበሰቡት ብቻ አይደሉም፤ ገበያውም በሙሉ ስለሚያውቀው በዋጋው ላይ አስቀድሞ ጨምሮታል። ጥሩ ኩባንያና ጥሩ ግዢ አንድ አይደሉም፤ ነጋዴ ይህን ከሌላ ሰው ይልቅ በቶሎ ይረዳዋል፤ ምክንያቱም የሐረር ቡና ጥሩ መሆኑን ማወቅ ብቻውን ማንንም ባለጸጋ አላደረገም፤ በስንት ተገዛ የሚለው ነው የሚቈጠረው።

ብሩክ ሃሪንግተን የተባሉ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ደግሞ በካሊፎርኒያ በሚገኙ ክበቦች ስብሰባ ላይ እየተገኙ አባሎቹ እንዴት እንደሚወስኑ ተመለከቱ፤ መጽሐፋቸውም እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ወጣ። የደረሱበት ነገር ለወዳጅነት አክባሪው መራራ ነው። በዝምድናና በቅርብ ጓደኝነት የተቋቋሙት ክበቦች ውጤታቸው ዝቅ ያለ ሲሆን፣ አባሎቹ በዋናነት ለገንዘቡ ጉዳይ የተሰበሰቡባቸው ክበቦች የተሻለ አተረፉ። በጥሩዎቹ ክበቦች ክርክር ይበዛል፤ በደካሞቹ ግን ውሳኔው ብዙውን ጊዜ በአንድ ድምፅ ያልፋል። ይህን ለኢትዮጵያዊ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ይሉኝታ ማለት ነው። ጥናቱን ደክሞ ያቀረበው ሰው የክርስትና ልጅህ አባት ቢሆን፣ የተሰበሰባችሁትም በእርሱ ቤት ቢሆን፣ ቡናውም ተፈልቶ ቢቀርብ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ኩባንያ ዕዳው በዝቷል» ለማለት ልብ ይጠይቃል። ብዙው ሰው ዝም ብሎ እጁን ያወጣል።

ጓደኝነቱ መዝገብም ጉባኤም በሌለው ጊዜ የሚደርሰውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ዓ.ም. በዚያው በአሜሪካ የታየው ነገር ያመለክታል። ጌምስቶፕ የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ መሸጫ ድርጅት ንግዱ የተዳከመ ስለነበር ትልልቅ ባለ ገንዘቦች አክሲዮኑን ተውሰው እየሸጡ፣ ዋጋው ሲወርድ በርካሽ ገዝተው ለመመለስ አስበው ነበር። በአገሩ ሁሉ ተበታትነው የሚኖሩ፣ ፊት ለፊት የማይተዋወቁ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ገዥዎች ይህን ዐውቀው በኅብረት ገዙ፤ አንሸጥም ብለውም እርስ በርሳቸው ተበረታቱ። በዓመቱ መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች የነበረው አክሲዮን ጥር 27 ቀን በ347 ዶላር ዘጋ፤ በማግሥቱም ለጥቂት ጊዜ 483 ዶላር ደረሰ። በዚያው ቀን አንዳንድ የአክሲዮን ደላሎች ግዢውን ገደቡ፤ ገዥዎቹም ተበደልን አሉ፤ ቅሬታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የካቲት 19 ቀን ዋጋው ወደ 40 ዶላር ተመልሶ ነበር። ይህ ሁሉ አክሲዮኑ በ2022 ከመከፋፈሉ በፊት በነበረው ዋጋ ነው። ቀድሞ የገባና ቀድሞ የወጣ አተረፈ፤ በመጨረሻው ቀን በጓደኞቹ ተስፋ ተበረታቶ በ400 ዶላር የገዛው ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ከዐሥር እጅ ዘጠኙን አጣ። «አትሽጡ» የሚለው ቃል ለሁሉም እኩል ዋጋ አልነበረውም፤ በ20 የገዛውና በ400 የገዛው አንድ ዓይነት ወንድሞች መስለው ይነጋገሩ ነበር እንጂ በሒሳብ አንድ አልነበሩም።

ኢትዮጵያዊው ነጋዴ ይህን ሁሉ ሲሰማ ሐሳቡ ወደ እቁብ ቢሄድ ትክክል ነው፤ ልዩነቱን ግን ማስተዋል ይኖርበታል። በእቁብ ጊዜ ሊታመን የሚገባው ሰው ነው። ዕጣው የደረሰው ሰው ቀሪውን ሳምንት ሁሉ ይከፍላል ወይስ ይጠፋል የሚለው ነው ጥያቄው፤ ለዚህም ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ በቂ ናቸው፤ ጓደኝነትም በእውነት ዋስትና ይሆናል። ሃምሳ ሺህ ብር የሚደርሰው ሰው የሚደርሰው ሃምሳ ሺህ ነው፤ ተስፋ አያሳድገውም፣ ሥጋትም አይቀንሰውም። በአክሲዮን ጊዜ ግን የሚታመነው ነገር በክፍሉ ውስጥ የለም። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ፣ የዕዳው ብዛት፣ የሚቀጥለው ዓመት ገበያ ከእቁቡ ዳኛ ሥልጣን ውጭ ናቸው። የአባሎቹ ታማኝነት መዋጮው እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ የተገዛው አክሲዮን እንዳይከስር ግን ምንም ሊያደርግ አይችልም። በእቁብ የለመደ ሰው ታዲያ ጓደኞቹን ስለሚያምን ብቻ ዋጋውንም ወደ ማመን በቀላሉ ይሻገራል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት፣ በገበያ ወይም በሰፈር ተሰብስበው አክሲዮን ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንዳንድ ነገር በጽሑፍ ቢያደርጉ መልካም ነው። ከሁሉ በፊት የሚገዛው አክሲዮን በማን ስም እንደሚመዘገብና ያ ሰው ቢሞት ወይም ቢጣላ ድርሻው እንዴት እንደሚከፈል በሕግ ዐዋቂ ተመክሮበት መስማማት ያሻል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የተደረገ እንደነበረ አይዘነጋም። አክሲዮናቸውን ለየብቻ ገዝተው ለመመካከር ብቻ የሚሰበሰቡም አሉ፤ ለጀማሪ ይህኛው ቀለል ያለ ነው። ገንዘቡ በአንድ ላይ የሚውል ከሆነ ግን ከላይ የተገለጠው የድርሻ ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመሥራት መሞከር እጅግ ከባድ ነው።

የይሉኝታውም ነገር በሥርዓት ሊቃለል ይችላል። አንድ አባል አንድ አክሲዮን እንዲገዛ ሐሳብ ሲያቀርብ ሌላ አባል በተራው ያንን አክሲዮን ላለመግዛት ያለውን ምክንያት አጥንቶ እንዲመጣ ይመደባል። የተመደበ ሰው ሲቃወም ሥራውን ሠራ እንጂ ወዳጁን አስቀየመ አይባልም። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ሳይሆን በተጠቀለለ ወረቀት ይሁን። ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው ላይ የተገዛውንና ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተገዛ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ምን ቢሆን እንደሚሸጥም ይጨምርበት። ከስድስት ወር በኋላ ያ ገጽ ሲነበብ አባሎቹ የተናገሩትንና የሆነውን ያነጻጽራሉ። ሰው ያለፈ ተስፋውን በራሱ ትውስታ ሲያየው ሁልጊዜ አዋቂ ሆኖ ስለሚያገኘው፣ ወረቀቱ የግድ ያስፈልጋል።

ሒሳቡንም በዓመት አንድ ጊዜ ከገንዘብ ያዡ ሌላ የሆነ ሰው ይመርምረው። መርማሪው የድርሻውን ዋጋ ከዓመቱ መጀመሪያ ጋር አነጻጽሮ፣ ያው ገንዘብ በባንክ በቁጠባ ሒሳብ ተቀምጦ ቢሆን ምን ያህል ወለድ ያገኝ እንደነበር በአጠገቡ ይጻፍ። ዋጋ ባደገበት ዓመትም፣ ሁሉም በደስታ ላይ ባለበት ዓመትም፣ ይህ ሁለተኛው ቍጥር ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ለአባሎቹ ይነበብላቸው።